ከውጫሌ ገዝቼ ያመጣሁት ኮርቻ

ነይ ዋሲላዬ፣ ግቢ። በሩን ገርበብ አድርጊው፣ ጠቦቱ እንዳይወጣብኝ። ዓሣውን አመጣሽልኝ? ማሻአላህ... እስቲ ልየው። ውይ! ይኼ ነው ቆሮሶ የሚባለው? ድሮ ከሐይቃችን የወጣን ቆሮሶ በሁለት እጅ ነበር የምናነሳው፤ ይኼ እኮ ገና ጡት ያልጣለ ነው። ዓሣ ጡት አይጠባም እንዴ? እኔ ምኑን አውቄ... ሦስተኛ ክፍል ላይ ቦርሳዬን የሰቀልኩ ሴትዮ ነኝ።

ቁጭ በይ። እዚያ አይደለም፣ እዚህ አጥሩ ጋ። እዚያም ጥላ አለ፣ አውቃለሁ፤ የአጥሩ ጥላ ግን ይሻላል። አንቺ ቅርፊቱን ፋቂ፣ እኔ ሆዱን አወጣለሁ። ድምፄን ከፍ ካደረግሁብሽ ደግሞ እንዳትቀየሚኝ። ያ ከባድ መሣሪያ ሲጮህብን ከሰነበተ ወዲህ ጆሮዬ ልክ አይደለም። ሹክ ያልኩ ይመስለኛል፣ ለካስ መስጊዱ ድረስ ይሰማል! ምን ላድርግ፣ እኔም የጦርነት ጉዳተኛ ነኝ፤ የሚመዘግበኝ ጠፍቶ ነው እንጂ።

ቤቱ ደህና ነው? ባልሽ? ልጆቹ? አልሐምዱሊላህ። መንገዱስ ዛሬ ክፍት ነው አሉ? ለነገ ከደሴ ኬክ አዝዤ፣ የሚኒባሱ ረዳት ጭኑ ላይ አድርጎ ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። መንገዱ ከተዘጋ ግን ኬኩ እዚያው ደሴ ልደቱን ያከብራል። አትሳቂ! "ኬክ" ስል አፌ አይጣመምም? እኛ መቼ ልደት እናውቅ ነበር? እኔን እናቴ የወለደችኝ አንበጣ በመጣበት ዓመት ነው ይላሉ፤ የትኛው አንበጣ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዕድሜዬን ሲጠይቁኝ አንበጣውን ጠይቁት እላለሁ።

ነገሩ የሰሚሃ ነው። የወንድሜን የሀሚዱን ሚስት ታውቂያት የለም? እሱ ከሞተ ወዲህ ልጇን ኢምራንን ለእኔ ትታ፣ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች። ባለፈው ማታ በኢሞ ደወለችልኝ። የአሠሪዎቿ ልጅ ስድስት ዓመት ሲሞላው ፈረስ እስከ ሳሎን ድረስ አስገቡለት አለችኝ። ፈረሱም ፈረስ አይደል፣ ምንጣፉ ላይ ፋንድያውን ጣለው። ያንን ማን ያነሳዋል? ሰሚሃ። እያነሳች አለቀሰች። እኔ ደደቧ ደግሞ "ሽታው ነው?" አልኳት! "አይ እትዬ አሚናት" አለችኝ፣ "የኔ ልጅ ፈረስ አለው፣ ኮርቻ የለውም። ዐሥራ ስድስት ሊሞላው ነው። አንድ ኮርቻ ግዢለት፤ ውድ አይሁን፣ ግን ሲቀመጥበት አባቱን ይምሰል።"

ውድ ያልሆነ፣ አባቱን የሚያስመስል ኮርቻ... የት ይሸጣል እሱ? ቀኑንም እዚያው ሪያድ ሆና የወሰነችው እሷ ናት። የትምህርት ቤቱ ካርድ ሰኔ ይላል፣ የጤና ጣቢያው ጥር ይላል፣ እኔ የማስታውሰው የሽምብራ እሸት ይበላ እንደነበረ ነው። እንግዲህ ነገ ነው ተባለ፣ ነገ ነው። ከዙህር በኋላ። አንቺም ትመጫለሽ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይመጣል... ማንንም አላስቀረሁም። ማንንም።

ፈረሱማ ዳማው ነው፣ የሀሚዱ። አንቺ ያኔ ገና እዚህ ሰፈር አልገባሽም፣ አላየሽውም። ሀሚዱ ኮርቻው ላይ ሲወጣ ሰርገኛው ሙሽራውን ትቶ እሱን ነበር የሚያየው። ከአምባሰል እስከ ወረባቦ ሰርግ ካለ "ሀሚዱ ይምጣ" ነው። ያ ኮርቻ ቀይ ነበር፣ ልጓሙ ናስ የተለበጠበት። እኔ እህቱ አንድም ቀን ፈረስ ላይ ወጥቼ አላውቅም። አንዴ ሞክሬ ዳማው ዞሮ ሲያየኝ ራሴ አፈርኩለት።

እና በጥቅምት፣ ያን ጊዜ፣ ነገሩ ከወልድያ ወዲህ መጣ ሲባል... እኔማ ማመን ይቀናኛል። ለውጥ መጣ ሲሉኝ ከሁሉ ቀድሜ እልል ብዬ ሦስት ቀን ድምፄ ጠፋ። ጦርነቱ ሐይቅ አይደርስም ሲሉኝ ደግሞ በርበሬ ገዝቼ አሰጣሁ። በርበሬዬን እንዳሰጣሁ ሸሸሁ! ሀሚዱ ስኳሩ ተነስቶበት ነበር። ዳማውን ለመጫን ጊዜ አልነበረም፤ ኮርቻው ከነልጓሙ ግድግዳው ላይ ቀረ። ወንድሜን በባዶ ጀርባ አውጥተን በነጠላ አሰርነው። ኢምራን ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እሱ ይስባል፣ እኔ ከኋላ እደግፋለሁ። ሌላውን እጄን ምን እንደያዝኩበት ታውቂያለሽ? ፔርሙስ። ባዶ ፔርሙስ! ቤት ንብረቱን ሁሉ ትቼ ባዶ ፔርሙስ ታቅፌ ወረባቦ ገባሁ። እዚያ መድኃኒቱ አለቀ... ሀሚዱም እዚያው ቀረ። ያ ሁሉ ሰርግ የጠራው ፈረሰኛ፣ የመጨረሻ መንገዱን ያለ ኮርቻ ሄደ። እሱን ኢምራን አይረሳውም። "አክስቴ፣ አባቴን ገመዱ ሻክሮት ይሆን?" ይለኛል እስከ ዛሬ። ገመድ አልነበረም፣ ነጠላ ነው፣ እለዋለሁ። ምን ልበለው?

ተይው፣ ዓሣ እየፋቅሽ አታልቅሺ፣ ጨው ይበዛበታል።

ደጉን ነገር ልንገርሽ ይልቅ። ሁላችን ስንሸሽ አንዲት ሰው እዚሁ ቀረች። ስም አልጠራም፤ ስም ከጠራሁ ሐሜት ይሆናል፣ ሐሜት ደግሞ ሐራም ነው፣ እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ በአፌ ላይ... ጥንቁቅ ነኝ። "እኔ እግሬ አይችልም፣ እናንተ ሂዱ፣ ቤታችሁን እኔ እጠብቃለሁ፣ አማናችሁ በእኔ" አለች። ወንዱ ሁሉ በሸሸበት ቀን! ሴት ማለት እንዲህ ናት አያስብልም? የሰባት ቤት ቁልፍ ባንድ ክር አድርጋ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። ጨሌ ነበር የሚመስለው።

በታኅሣሥ ስንመለስ የሌላው ሰፈር በር ሁሉ ተሰብሮ፣ ተገንጥሎ። የኛ ግን... ሱብሃነላህ! ቁልፉ ደህና። በሩ ደህና። መቆለፊያው ጓንጉላ አንድ ጭረት የለበትም። ውስጡ ብቻ ነው የሌለው። እንዲህ ያለ ዘራፊ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቁልፍ በአደብ ጠይቆ፣ ከፍቶ፣ ያለውን አውጥቶ፣ መልሶ ቆልፎ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቦ የሚሄድ? አስተዳደጉ ደስ ይላል። ቴሌቪዥኑንስ ወታደሮች ሲጭኑት ያየ ሰው አለ፣ እሱን አልክድም። ኮርቻውን ግን አንድ ረጅም ወታደር ነው የወሰደው ተባልኩ። ጉንጩ ላይ ጠባሳ ያለበት። ያቺ ደግ ሰው እርካቡን ይዛ አልለቅም ብላ፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጎትቷት ነው የነጠቃት። ጉልበቷን አሳየችን። ተልጦ ነበር፣ አይቼዋለሁ።

እኔ ምን አደረግሁ? አንገቷ ላይ ተጠምጥሜ ተንሰቀሰቅሁ። ያለችኝን አንዲት ጠቦት ነድቼ "ላንቺ ይኼ ያንስሻል" ብዬ በሯ ላይ አሰርኩላት። የሀሚዱ ሶደቃ ላይ ሸሆቹን "ለዚህች ሴት ዱዓ አድርጉላት" ያልኩት ራሴ ነኝ። ያንን ረጅም ወታደርማ ሦስት ዓመት ሙሉ ረገምኩት። ከሶላት በኋላ፣ ዓሣ ስበልት፣ ሽንኩርት ስከትፍ... ጠባሳው ላይ ሌላ ጠባሳ ጨምርበት እያልኩ። የትም ይሁን የት ያ ሰውዬ፣ ጆሮው ሲጮህበት ከርሟል።

ቆይ... ልብስ የሚያጥብ ነበር አይደል ከአጥሩ ወዲያ? ቆመ። ሳሙና አልቆ ይሆናል። በይ ፋቂ፣ ጅራቱ ላይ ቅርፊት ቀርቶብሻል።

እና ኮርቻ ፍለጋ ውጫሌ ሄድኩ። ሐይቅ ገበያ ያየሁት ሁሉ ወይ ለጭነት ነው ወይ ሆዴን የሚያም ዋጋ ነው። ውጫሌ ባድሩ የሚባል ሰውዬ አለ፣ ኮርቻ ይጠግናል፣ ይሸጣል። ልጅ እግር ነው፣ አፉ ለስላሳ። መጀመሪያ አዲሱን አወጣልኝ። ያብረቀርቃል፣ ዳሰስኩት፣ የሶፋ ልብስ ነው!

"ይኼ ላብ ሲነካው ይላጣል" አልኩት፣ እንደሚያውቅ ሰው።

"እናቴ፣ ለሰርግ ነው?" አለኝ።

"ለልደት ነው።"

"የፈረሱ ልደት ነው?" አለኝ። ወላሂ! እኔም ተናድጄ "አዎ፣ አንተንም ጠርቶሃል" አልኩት።

ከዚያ ከጥግ አንድ አሮጌ አየሁ። ጥቁር ነው፤ ጥቁርም አይደለም፣ የጫማ ቀለም የጠጣ ነው። ከላይ የሚለብሰው ግላሱ የለም። እንጨቱ ግን ጠንካራ፣ እርካቡም ደህና። ዋጋ ለማስወረድ ነቀፋ ያስፈልጋል፣ መቼም ታውቂኛለሽ፣ በነቀፋ የሚስተካከለኝ የለም። ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ አንድ የተጣፈ ቦታ አለ፣ ስፌቱ ወዲያ ወዲህ የሄደ። አገኘሁህ አልኩ!

"ይኼን የሰፋው ማን ነው? ዓይነ ስውር ነው?" አልኩት።

"እናቴ፣ ጠንካራ ስፌት ነው።"

"ይኼ ስፌት ነው? ዶሮ የጫረው ይመስላል እንጂ! እንዲህ አድርጋ የምትሰፋ ሴት ባል ቤት ሦስት ወር ትቆያለች? ወላሂ እናቷ አላስተማረቻትም። አንድ ክር ወደ ደሴ፣ አንድ ክር ወደ ወልድያ!"

ዙሪያው የነበረው ገበያተኛ ሁሉ ሳቀ። ባድሩም ሆዱን ይዞ ሳቀና ከዋጋው ቀነሰልኝ። ያልጠየቅሁትን ጠፍር ጨመረልኝ። እኔ ደግሞ የልብ ልብ ተሰማኝ፣ ያቺን ያላየኋትን ሰፊ ሴት ጨምሬ ጨምሬ ሰደብኳት። ኮርቻውን ተሸክሜ ሚኒባስ ስሳፈር ሐጅ የሄድኩ ነበር የምመስለው።

ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ኢምራን እንዳያይብኝ። የኮርቻው ትራስ ጎርበጥ ይላል፣ እንደገና ልሙላው ብዬ ያንን የዶሮ ጭረት ተረተርኩት። እጄን ሰደድኩ። ጨርቅ ወጣ። ሳብኩት... ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ። ደረቱ ላይ ሦስት ቁልፍ፣ አንደኛው የጠፋ።

ዋሲላዬ፣ ያ ቀሚስ የኔ ነው።

በሀሚዱና በሰሚሃ ሰርግ ላይ የለበስኩት ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ አላስገባ ሲለኝ፣ እንደምታዪው እኔ ስፋት አላጣሁም፣ ሀሚዱ "ለኮርቻዬ መሙያ ጨርቅ አጣሁ" ሲል "ይኼው ውሰድ" ብዬ ራሴ ከትቼ ራሴ ሰፋሁለት። አጣጣፌን አይቶ ሳቀና "እህቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ በሄድኩበት ሁሉ አንቺ ላይ ነው የምቀመጠው" አለኝ። እንግዲህ ያቺ ዓይነ ስውር እኔ ነኝ። እናቷ ያላስተማረቻት እኔ ነኝ። ባል ቤት ሦስት ወር አትቆይም ያልኳትም... ስምንት ወር ቆይቻለሁ፣ ይኼ እንኳ እኔን አይነካኝም። የወንድሜን ኮርቻ በገዛ ስድቤ አስቀንሼ፣ በገዛ ሚስቱ የላብ ገንዘብ ገዛሁት። በውጫሌ ገበያ መሀል ጮክ ብላ ራሷን ሰድባ ቅናሽ ያገኘች ሴት ከእኔ ሌላ ካለች አምጪልኝ።

አትሳቂ... ሳቂ፣ ሳቂ። እኔም መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ቀሚሱ ላይ ቁጭ አልኩ።

በማግስቱ ወደ ባድሩ ተመለስኩ። ልጣላው አይደለም፣ ልጠይቀው ነው። "ይኼን ማን ሸጠልህ?" አልኩት።

"አንዲት የሐይቅ ሴት ናት፣ ባለፈው ረመዳን" አለኝ። "ምስኪን ናት እናቴ። የሟች ባሌ ነው ብላ ስታለቅስ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ሳልከራከር ነው የገዛሁት።"

እዚህ ላይ እኔም ልቤ ተነካ። ባል የሞተባት ሴት! የሐይቅ ሴት ባሏ ሞቶባት እኔ ሳልሰማ፣ እኔ? ለቅሶ የሚያመልጠኝ ሴት ነኝ? "ምን ዓይነት ሴት ናት?" አልኩት።

"ደርባባ ናት፣ ስትስቅ የወርቅ ጥርስ አላት።"

እያለቀሰች ስትስቅ የት አየሃት፣ አላልኩትም። የወርቅ ጥርስ ያላት ሴት በሐይቅ ስንት አለች? እኔ ጥርስ አልቆጥርም። አንዲት የማውቃት አለች፣ ግን እሷ ልትሆን አትችልም፤ ምክንያቱም የሷ ባል አልሞተም። ትላንት ዐስር ላይ መስጊድ በር አይቼዋለሁ። ጫቱን ይዟል፣ ጉንጩ ቀልቷል፣ "አሚናት እንደምን ዋልሽ" አለኝ። ለሞተ ሰው በጣም አምሮበታል። ከረመዳን ጀምሮ ሞቶ እንዲህ የወፈረ ሰው አላየሁም። እኔ ፈዛዛዋ ደግሞ ነፍስ ይማር ማለት ሲገባኝ "አልሐምዱሊላህ" ብዬው አለፍኩ።

ይርሐሙኪላህ! ማነው ያስነጠሰው ከወዲያ? አንቺ ነሽ? እኔም አይደለሁም። እንግዲያስ ዶሮ ናት። የዘንድሮ ዶሮ ጉንፋን ይዟታል።

ስሚኝማ፣ እኔ ሰው አልከስም። ያን ጊዜ፣ በኅዳር፣ እዚህ ለቀረ ሰው ዱቄት አልነበረም፣ ጨው አልነበረም። አንዲት እናት "ልጆቼን አብልቼበታለሁ አሚናት፣ አውፍ በዪኝ" ብትለኝ፣ ወላሂ ልጓሙንም ፔርሙሴንም ጨምሬ እሰጣታለሁ። ረሃብ አላውቅምን? ግን ረመዳን ማለት... ከኅዳሩ ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ኮርቻው የት ተቀምጦ ከረመ? እኔ ወታደሩን ስረግም፣ አጠገቤ ተቀምጣ "አሚን" የምትል ማን ነበረች? እንጃ። እኔ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፤ መልስ የተማሩ ሰዎች ነው የሚያውቁት። ብቻ ሳስበው አማና ማለት እንዲህ ነው፤ ኮርቻውን ከብል ጠብቃ፣ ከአይጥ ጠብቃ፣ ቀለም ሳይቀር አጠጥታ... እኔ ብሆን እንኳን የሰው የራሴንም እንዲህ አልይዝም።

ልጓሙን ደግሞ ጠየቅሁት። ያንን ናስ የተለበጠበትን፣ ሀሚዱ ራሱ ቆሞ ያሠራውን። "ዋጋ ላይ አልተስማማንም" አለኝ ባድሩ፣ "መልሳ ይዛው ሄደች።" እንግዲህ ልጓሙ ውጫሌ የለም። የት ነው? ሐይቅ ነው። ከሐይቅ የት? እኔ አላውቅም... ዓይኔ ደክሟል፣ አጥር አሻግሮ አያይም።

አሁን ጭንቄ ይኼ ነው ዋሲላዬ፣ እስቲ አማክሪኝ። ኮርቻው አልጋዬ ሥር በአንሶላ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ነገ ከዙህር በኋላ ለኢምራን እሰጠዋለሁ። ልጁ ዓይኑ ቢሸፈን እንኳ ያንን ኮርቻ በእጁ ያውቀዋል። ሕፃን ሆኖ አባቱ ፊት ተቀምጦ ሲሄድ፣ የእንጨቱን ጫፍ በምስማር ሲፍቅ ተገርፎበታል፤ ፍቁ አሁንም አለ። ቀለሙን ቢቀቡት ፍቁን አልደፈኑትም። "አክስቴ፣ ከየት መጣ?" ይለኛል። ምን እመልሳለሁ? እኔ መዋሸት የምችል ሴት ነኝ? አየሽኝ አይደል፣ አንድ ዓሣ አጽድቼ ሳልጨርስ ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩልሽ።

ልጁ ደግሞ የድሮው ኢምራን አይደለም። ዐሥራ ስድስት ዓመት የተባለው ላይ ንዴት ሃያ ሆኖ ነው የገባበት። ባለፈው ወር አንዱ "አባትህ በነጠላ ታስሮ ነው የሞተው" ቢለው ዱላ አንስቶ፣ አምስት ሆነን ነው የያዝነው። አንደኛዋ እኔ ነበርኩ፣ እግሩ ላይ ተቀምጬበት ነው የቆመው፤ ውፍረቴ ያን ዕለት ለሰው ጠቀመ። አሁን ደግሞ አባቱን ያለ ኮርቻ ያስኬደውን ነገር ባንድ ቀን፣ ባንድ ደጃፍ ቢያገኘው... ነገ አራት ሰው እንኳ ከእኔ ጋር የሚይዘው ይኖራል? ጊዜው እንዲህ ነው፣ ልጆች በትንሽ ነገር ደም ይቃባሉ፤ ይኼ ደግሞ ትንሽ አይደለም። ለዚያ ቤት ልጆች እኮ ነው የምፈራው፤ አብረውት ያደጉ ናቸው፣ ምንም አያውቁም። እሱንስ ቢያስሩብኝ፣ ሪያድ ላለችው ምን ብዬ እደውላለሁ? ልደቱ እንዴት ነበር ስትለኝ?

ኮርቻውን ልደብቀው ብዬም አስቤ ነበር። ሌላ ልግዛ፣ የሶፋውን። ግን የአባቱ ኮርቻ አልጋዬ ሥር ተኝቶ ልጁን ሶፋ ላይ አስቀምጬ፣ እኔ ሌሊት በዚያ አልጋ ላይ እንዴት ነው የምተኛው?

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያድነን። ልጓሙ ራሱ ቢመጣ። አዎ፣ ራሱ፣ በእግሩ! ነገር አለ አይደል፣ በራፌ ላይ ተሰቅሎ ባገኘው። ከነገ ዙህር በፊት። ማን ሰቀለው አልልም፣ ዓይኔንም ወደ ወዲያ አላነሳም። ከዚያ እንግዳው ሁሉ ባለበት፣ "ልጄ ኢምራን፣ አንዲት ደግ ሰው የአባትህን ዕቃ ፈልጋ አግኝታ፣ አማና ይዛ አቆየችልን፤ ሂድና ጉልበቷን ሳም" እለዋለሁ። እላለሁ! መዋሸት አልችልም ብዬሽ ነበር፣ ለዚች ለዚች ግን እችላለሁ፤ አላህ ለእርቅ የተዋሸን አውፍ ይላል ብለው ሸሁ ሲያስተምሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ያኔ ጆሮዬ ጤነኛ ነበር። ኬኩንም መጀመሪያ እሷ ትቁረስ። ክሬሙን በሙሉ እሰጣታለሁ። ካልመጣ ግን... እንግዲህ ልጁ ይጠይቀኛል፣ እኔም እንደ አፌ ነኝ።

ዝም በይ ዋሲላ። እስቲ ቢላዋውን አስቀምጪው።

ሰማሽ? ሳጥን ተከፈተ። አሁን ደግሞ... ናስ ከናስ ሲነካካ። አይ፣ ድስት ነው በዪኝ። ድስት እንዲህ ይጮሃል? ሀሚዱ ከበር ሲገባ ከፈረሱ አፍ ላይ የምሰማው ድምፅ ነበር እሱ። ወይኔ ወንድሜን... ዓሣውን ያዢልኝ። የገዛ ድምፄን የማልሰማ ሴት ይኼን ሰማሁ፣ ምን ዓይነት ጆሮ ነው የሰጠኝ ያረቢ?

በቃ። በቃ፣ ተነሽ፣ ከዚህ ጥላ እንነሳ። ሰው የሚሠራው ሥራ ካለው እኛ አጥር ሥር ተቀምጠን ለምን እናሳፍረዋለን? ዓሣውን ወደ ጓዳ አግቢልኝ፣ ዘይቱን ላሙቀው። በሩንም ክፍት ተዪው። ጠቦቱ ቢወጣ ይውጣ፣ እኔ ይዤ እመልሰዋለሁ። በራፌ ላይ ሚስማሩም አለ፣ ትላንት ነው የመታሁት... ከፍ አላደረግሁትም፣ እግሩ የማይችል ሰው እንኳ ይደርስበታል።

ከመግባታችን በፊት ግን እጅሽን አንሺ፣ ዱዓ እናድርግ። ለዚያች ለደጓ ሰው ዱዓ ሳናደርግማ አንነሳም። እንዲህ ዓሣ የነካ እጅ ዱዓው ይሰማል? ይሰማል፣ እኔ መቼ ንጹሕ እጅ ኖሮኝ ያውቃል። ያረቢ፣ ዕድሜዋን አርዝምላት። እግሯን አበርታላት። ባሏን ከእንግዲህ አታሳጣት። መካን አሳያት። ልጆቿን፣ ቤቷን፣ ያላትን ሁሉ ደግሞ... እሷ የኛን ቤት በጠበቀችው አጠባበቅ፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ፣ አንተም የሷን ቤት ጠብቅላት።

አሚን በይ እንጂ ዋሲላ። ጮክ ብለሽ፣ ጆሮዬ አይሰማም።